እርሳስ የሚቀልጥበት ግቢ

መርካቶ ሰንብቼ መመለሴን የሰማ የሰፈሬ የሲቀላ ሰው ሁሉ «ምን ገዝተሽ መጣሽ?» ይለኛል። ምንም አልገዛሁም። የሄድኩት ለጥናት ነበር። አርባ ምንጭ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ከማስተማሩ ጎን ለጎን ደግሞ ሳይንስ ለልጆች እንዴት ቢነገራቸው እንደሚገባቸው አጠናለሁ። ቡድናችን የሦስት ሰው ነው። ሄኖክ መሐንዲስ ነው፤ ሩት የማኅበራዊ ጉዳይ ተመራማሪ ናት። ሁለቱም የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፤ በዕድሜ ስለምበልጣቸው «እትዬ አስቴር» ይሉኛል።

ሦስታችንን ያገናኘን አሮጌ የመኪና ባትሪ ነው። መርካቶ ዙሪያ አሮጌ ባትሪ እየሰበሩ፣ ውስጡ ያለውን እርሳስ በከሰል አቅልጠው መልሰው የሚያድሱ ሰዎች አሉ። ጭሱና አቧራው መርዝ ነው። ሄኖክ ጭሱን የሚስብ ነገር ሊሠራላቸው፣ ሩት ኑሯቸውን ልታጠና፣ እኔ ለሰፈሩ ልጆች ትምህርት ላዘጋጅ ተስማማን። ለጠየቀኝ ሁሉ በየመንገዱ ቆሜ ከማወራው፣ እንደሆነው አድርጌ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

እሑድ

ጎህ ሳይቀድ ከሲቀላ ተነሣን። ለባልደረቦቼ አንድ ካርቶን ማንጎ ይዤ ነበር። ሶዶን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ ወርዶ አየውና፣ ተጠባባቂውም ጎማ ጤና እንደሌለው እየሳቀ ነገረን። አንድ ሰው ጎማ ሊያስጠግን በሞተር ሄደ፤ እኛ የግራር ጥላ ሥር ተቀመጥን። አጠገቤ የነበረች አራስ ልጇን ታጠባ ነበርና አንድ ማንጎ ሰጠኋት። ከዚያ ለጎረቤቷ፣ ለረዳቱ፣ ለሹፌሩ እያልኩ ካርቶኑ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ማንም አላፈረም፤ እኔም ደስ አለኝ። አገሬ ያለሁ መሰለኝ።

ቡታጅራ ላይ የቀዘቀዘ ፓስታ በላን። አዲስ አበባ ስንገባ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ለእኛ ጥቅምት ማለት ሙቀት ነው፤ በስስ ሸሚዝ ነበር የሄድኩት። ከአውቶቡሱ ስወርድ ብርዱ በጥፊ የመታኝ ያህል ደነገጥኩ። ሚኒባስ ተጋፍቼ መርካቶ ደረስኩና በስልክ ወደያዝኩት ፔንሲዮን ሄድኩ።

«እትዬ፣ ሲመሽብዎት የሚመጡ አልመሰለንም፤ ክፍሉን ሰጠነው» አለችኝ እንግዳ ተቀባይዋ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ።

ሄኖክ ሊቀበለኝ መጥቶ ነበርና ሌላ ሁለት ፔንሲዮን አዞረኝ። አንደኛው ሞልቷል፣ የሁለተኛው በር አይቆለፍም። ተጨንቆ ለአንድ ሰው ደወለ። ብዙም ሳይቆይ የሥራ ቱታ የለበሰ፣ ፂሙ የሸበተ ሰውዬ መጣና ሰላምታውን ሳይጨርስ ሻንጣዬን አነሣ።

«እኛ እያለን ሴት እንግዳ ፔንሲዮን ለፔንሲዮን ትዞራለች? ነውር ነው!» አለ ለሄኖክ።

ከድር ይባላል። ከምናጠናቸው ባትሪ አዳሾች አንዱ ነው። ቤቱ መሳለሚያ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ተከራዮች ተጠጋግተው በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ነው። በግቢው መግቢያ የቆርቆሮ ዎርክሾፑ አለ፤ ከዎርክሾፑ ጀርባ በመጋረጃ የተከፈለች አንድ ክፍል። ሚስቱ ሙኒራ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ትሪውን ስታቀርብ ዝቅ ብላ፣

«እትዬ፣ ሥጋ የለበትም። ቆጮና ጎመን ነው፤ ሽሮም አለ። ሳይሳቀቁ ይብሉ» አለችኝ።

እኔ ክርስቲያን እነሱ ሙስሊም መሆናችንን አስባ፣ እንግዳዋ እንቢ ለማለት እንዳትቸገር ቀድማ ማዘጋጀቷ ነው። አልጋውን ለእኔ ለቀው እነሱ መሬት ላይ አነጠፉ። ብለምንም አልሰሙኝም። የአራት ዓመት ልጃቸው ሰሚራ መጥታ ጉልበቴን አቅፋ ቆመች። ስሟን ብጠይቃት ዝም ብላ አየችኝ።

«ገና አፏን አልፈታችም» አለች ሙኒራ። «አንዳንዱ ልጅ ይዘገያል፣ አይደል?»

«ይዘገያል» አልኳት።

ሰኞ

ቁርስ ፉል በትኩስ ዳቦ ነበር። ከዚያ ከድር ሥራውን አሳየኝ። ባትሪውን በመጥረቢያ ይሰብረዋል፤ አሲዱን ወደ ግቢው የፍሳሽ ቱቦ ይደፋዋል፤ እርሳሱን በብረት መጥበሻ ከሰል ላይ ያቀልጠዋል። እርሳሱ ሲቀልጥ ብር ይመስላል። ጭሱ ጣፋጭ ነገር ምላስ ላይ እንደሚያስቀር ያወቅኩት እዚያ ቆሜ ነው።

ሄኖክ ከአሮጌ የመኪና ኮፈን የተሠራ ጭስ መሳቢያ አምጥቶ ከምድጃው በላይ ሰቀለው፤ ከላዩ ረጅም ቱቦ ቀጠለበት። ከሰሉ ሲቀጣጠል ጭሱ ተጠምዝዞ ወደ ላይ ወጣ። ለዚች ቅጽበት ስንት ጊዜ ሠርቶ ስንት ጊዜ እንዳፈረሰ ስለማውቅ ፊቱን አየሁት፤ እንደ ልጅ ፈክቷል።

«በቃ ፋብሪካ ሆንን!» አለ ከድር።

ከሰዓት ሩት መርካቶን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ስለ ስፋቱ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሲቀላ ገበያ ሻጯን ስለ ልጆቿ ሳትጠይቂ ዋጋ አትጠይቂም፤ እዚህ ሰላም ስል ሻጩ ግራ ተጋባ። ተሸካሚዎች ከቁመታቸው የሚበልጥ ጭነት ተሸክመው «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ይሮጣሉ፤ ፈጥኖ ያልሸሸ ይገፋል። እኔ ሁለቴ ተገፋሁ፣ አንዴ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ጫማዬ ውስጥ ጭቃ ይዤ ስመለስ ከድር ሸማ ተራ ደርሶ አዲስ ጋቢ ገዝቶልኝ አገኘሁ። ስንቀጠቀጥ አይቶኝ ኖሯል። ልክፈል ብል ተቆጣ።

ማክሰኞ

በአቅራቢያው ያለ አንድ ትምህርት ቤት ትምህርቱን እንድሞክር ፈቀደልኝ። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አንዱ ዴስክ ላይ ልጆቹ ተደራርበዋል። እኔ ጋ ማንጎ ዛፍ ሥር ሳይቀር አስተምሬ አውቃለሁ፤ እንደዚህ አየር ያጠረው ክፍል ግን አላየሁም።

«እርሳስ ታውቃላችሁ?» አልኳቸው።

«አዎ ቲቸር!» ብለው ሁሉም የሚጽፉበትን እርሳስ ወደ ላይ አነሡ።

ሳቅኩ፤ እነሱም ሳቁ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ የሚጻፍበት እርሳስ ውስጥ ያ ብረት እንደሌለ፣ ብረቱ ሌላ እንደሆነ፣ ሲቀልጥ አቧራው ልብስና እጅ ላይ ተቀምጦ ወደ አፍ እንደሚገባ ነገርኳቸው። ያመጣሁትን ሥዕል አሳየሁ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አባዬ የሚያቀልጠው ነው?»

«አባትሽ ምን ይሠራል?»

«ባትሪ።»

የተዘጋጀሁበትን መልስ ሰጠሁ፦ አባት ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ደጅ ይቀይር፣ የሥራውን ልብስ ሌላ ክፍል ያስቀምጥ፣ ልጆች ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

«ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ ልብሱን የት ያስቀምጠው?» አለች። «ውኃም በፈረቃ ነው።»

አላሾፈችብኝም። በእውነት የት እንደሚያስቀምጠው እንድነግራት ነው የጠየቀችኝ። አርባ ምንጭ ቁጭ ብዬ ስጽፈው ጥሩ ትምህርት ነበር። ክፍሉ ሲበተን ያንን ገጽ ቀድጄ ጣልኩት።

ረቡዕ

ሄኖክ የፀጉር ማድረቂያ የሚመስል፣ አፈሙዙን ያስጠጉት ነገር ላይ ምን ያህል እርሳስ እንዳለ የሚያሳይ መሣሪያ ይዞ ዎርክሾፑን ሊለካ መጣ። ሙኒራ ልብስ እያሰጣች ስታየን ቆየችና፣

«ቤቴንስ ለምን አትለኩልኝም?» አለች።

ገባን። ደጃፉን፣ ወለሉን፣ ፍራሹን ለካ። ሰሚራ የምትጠጣበትን የፕላስቲክ ኩባያ ለካ። እያንዳንዱን ቁጥር ለእኔ ብቻ አሳየኝ። ሙኒራ ቁጥሩን አላየችም፤ እኛን ግን አየች።

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው፤ እህቴ» አላት ሄኖክ። ጭስ መሳቢያው ከአሁን በኋላ የሚወጣውን ጭስ ይቀንስ ይሆናል። በስንት ዓመት ወለሉ ውስጥ የገባውን ግን አያወጣውም። ይህን እሱም እኔም እኩል ነው የተረዳነው።

ከሰዓት ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ መጣች። በጥናቱ ዕቅድ መሠረት የሠራተኞቹ ቤተሰብ የጣት ደም ይታያል። ከድርም ሙኒራም ተለኩ። የሰሚራ ተራ ሲደርስ ነርሷ መሣሪያውን አየችው፤ አጥፍታ አበራችው፤ ሌላ ጠብታ ወሰደች። ቁጥር የለም። መሣሪያው ሊቆጥር ከሚችለው በላይ ነው የሚል ምልክት ብቻ።

ሙኒራ የልጇን ጣት በጥጥ እንደያዘች፣ «ሆዴን ስትል ወስፋት ነው ብዬ ነበር» አለች። «የወስፋት መድኃኒት ነበር የምሰጣት። አለመፍታቷም… እትዬ፣ አለመፍታቷም ከዚህ ነው?»

እሑድ ማታ ይዘገያል ያልኩት ትዝ አለኝ። «ከዚህ ሊሆን ይችላል» አልኳት።

ከድር ሁላችንንም አልፎ ወጣ። ዎርክሾፑ ውስጥ ከምድጃው ፊት ለፊት ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

ራት ሲቀርብ ሙኒራ ትሪውን እንደያዘች መሐል ላይ ቆመች። «እትዬ፣ ለእርስዎ ከሆቴል ላስመጣ?»

«ከእናንተ ጋ ነው የምበላው» አልኳት። ለአዋቂ ሰው ጥቂት ቀን ብዙ እንደማይጎዳ አውቃለሁ። የበላሁት ግን እሷ እያየችኝ ስለነበር ነው።

ሐሙስ

ጠዋት ሰሚራን ይዘን ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ አልሸነገለንም። እርሳሱን ከደም የሚያወጣው መድኃኒት እነሱ ጋ የለም፤ ቢገኝም እዚያው ቤት ከተመለሰች ዋጋ የለውም።

«ዋናው መድኃኒት ከዚያ ቤት ማውጣት ነው» አለ።

«ወዴት?» አለች ሙኒራ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ተመለከተ።

ስንመለስ ከድር ሦስታችንን ዎርክሾፑ ውስጥ አስቀመጠን። ያ ሳቂታ ሰውዬ በአንድ ሌሊት አርጅቷል።

«ልጄን ወራቤ እናቴ ጋ እወስዳታለሁ» አለ። «ሥራውንም ከዚህ አወጣለሁ፤ ቀስ ብዬ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ እስከዚያ ለግቢው ሰው አትናገሩ። ከተሰማ ዛሬውኑ ነው የሚያስወጡን።»

ሩት ከንፈሯን ነከሰች። «ጋሽ ከድር፣ እነሱም ልጆች አሏቸው።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ካራሜላ የምገዛላቸው።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ጥቂት ቀን ነው የምለው።»

ዕቅዳችን የሠራተኛውን ቤተሰብ እንጂ ጎረቤቱን አይጨምርም፤ ዝም ብንል ማንም አይጠይቀንም። ሄኖክ ዛሬውኑ ይነገር አለ። ሩት ቤተሰቡን ሜዳ ላይ መጣል አይሆንም፣ መጀመሪያ ቤት እንፈልግላቸው አለች። እኔ አልጋቸው ላይ ነው የማድረው፤ ጋቢያቸውን ለብሻለሁ። እኛ ስንከራከር የሙኒራ የፊት ለፊት ጎረቤት የአበበች ልጅ ናቲ፣ ከድር አሲድ ከሚደፋበት ቱቦ አጠገብ ተንበርክኮ ብይ ይጫወታል። ብዩን አንሥቶ በምላሱ አርሶ በሸሚዙ ጠረገው።

ሙኒራ ከበሩ አየችው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሰሚራን አዝላ፣ ግቢውን አቋረጠች። ከድር «ሙኒራ!» አላት። ዞር አላለችም።

«አበቡ፣ ናቲን አስመርምሪው» አለቻት። «ሰሚራን ያመማት የእኛ እርሳስ ነው። አፈሩ ውስጥ አለ። ቱቦው ጋ አታስጫውቺው።»

አበበች ልብስ እያጠበች ነበር፤ እጇን ከሳሙናው ሳታወጣ ቀና አለች። «እያወቃችሁ ነው?»

«ትናንት ነው ያወቅነው።»

«ትናንት? ትናንት ቤትሽ ዳቦ በልቶ ነው የገባው!»

«አዎ» አለች ሙኒራ። ከዚያ ወደሚቀጥለው በር ሄደች። ሁሉንም በር አንኳኳች፤ ለሁሉም ያንኑ ቃል ተናገረች። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ስትመለስ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ ከድር ልጅቱን ከጀርባዋ አወረደላት። አልተቆጣትም።

ሩት ነርሷን በስልክ ለምና አስመጣቻት። የግቢው ልጆች ሁሉ ተመረመሩ። እንደ ሰሚራ የሆነ የለም፤ ግን ደኅና ነው የተባለ አንድም ልጅ አልነበረም። ናቲ ከሁሉ የከፋ ነበር። አበበች ልጁን ታቅፋ በሙኒራ በር ፊት ቆማ ያወረደችውን እርግማን እዚህ አልጽፈውም። ሙኒራ በሩን አልዘጋችም፤ እስክትጨርስ ሰማቻት።

ዓርብ

የግቢው ባለቤት ማልዶ መጣ። ከእኛ ጋ ሰላም አልተባባለም።

«ነገ ግቢዬን ለቃችሁ አገኛለሁ» አለ ለከድር።

ሩት ልታስረዳው ሞከረች፦ የከድር መሄድ ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ፣ አፈሩ መነሣት እንዳለበት፣ ወለሉ በሲሚንቶ መሸፈን እንዳለበት። «ጥናታችሁን ሌላ ቦታ አጥኑ» ብሏት ሄደ። ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድን፤ ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ አሉን፤ ደብዳቤ ይዘን ስንመለስ ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል።

ከድር ጁምዓ ሰግዶ መጥቶ ዎርክሾፑን ማፍረስ ጀመረ። ሄኖክ እጅጌውን ሰብስቦ የራሱን ጭስ መሳቢያ ብሎን በብሎን ፈታው። ከግቢው የረዳ ሰው የለም። አበበች በመስኮት ስታይ ቆይታ በመጨረሻ ወደ እኔ መጣች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ናቲን ስወልድ ያረሰችኝ እሷ ናት» አለችኝ። «እናቴ ሩቅ ነበረች። አሁን በምን ዓይኔ ልያት?»

ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ሙኒራ ጋ ግን አልደረሰችም።

ቅዳሜ

የሚጭነው አይሱዙ መጥቶ ነበር። ከድር ሰሚራን ይዞ ወራቤ ሊያደርሳት ቀድሞ ወጣ። ልጅቱ በትከሻው ላይ ሆና ለሁሉም እጇን አወዛወዘች፤ መልሶ እጁን ያወዛወዘላት ናቲ ብቻ ነበር፣ እናቱ እስክትስበው ድረስ።

ሙኒራ መናኸሪያ ልሸኝዎት ብላ እንቢ አለች። ብዙ ጭነት ጥላ በሚኒባስ ተጋፍታ አብራኝ መጣች። አውቶቡሱ ውስጥ ስገባ በመስኮት አንድ ፌስታል አቀበለችኝ፤ ትኩስ ዳቦ ነው።

«ከዳቦ ቤት በቀጥታ ነው፤ እኔ ቤት አልገባም። እጄንም ታጥቤያለሁ» አለች።

እንዲህ የሚል ቃል ከእንግዳ አስተናጋጅ አፍ ሰምቼ አላውቅም። እጇን ይዤ ሳምኩት፤ ደንግጣ ቀማችኝ። አውቶቡሱ ተነሣ። ሶዶ እስክንደርስ ድረስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ምን ሆነሽ ነው እያለ ሲያባብለኝ ነበር።

አርባ ምንጭ ስገባ ሙቀቱ፣ ባጃጁ፣ ሐይቁ ሁሉም እንደነበረ ነው። ሥራ ጀመርኩ። የጥናቱን ሪፖርት ሦስታችን በስልክ እየተነጋገርን ጻፍነው። የሄኖክ ጭስ መሳቢያ የሚሠራ መሆኑ ተጽፏል፤ የእኔም ትምህርት ተሻሽሎ ገብቷል። ሩት ስለ ግቢው የጻፈችው ክፍል ይጠር ተባልን፤ አሳጠርነው።

ባለፈው ሳምንት ሙኒራ ደወለች። ሰሚራ አያቷ ጋ ናት፤ የሆዷ ሕመም ትቷታል፤ ቃል ግን ገና አልወጣትም። ከድር ሌላ ሥራ ፈልጎ አላገኘም። እጁ የሚያውቀው ይህንን ብቻ ነው። ከከተማው ዳር፣ ርካሽ ቦታ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተው እንደገና እንደጀመረ ነገረችኝ።

ልጠይቃት ፈራሁ፤ ጠየቅኋት።

«ግቢው ውስጥ ልጆች አሉ?»

«አሉ» አለች። «ዛሬ ጠዋት ለእናቶቻቸው ነገርኳቸው። አሁን ዕቃ እያሰርን ነው፤ እትዬ።»